ወጌሻው ሲሳሳት



የተሰጠኝ ርዕስ «ጨረር በሰው ክሮሞዞም ላይ የሚያደርሰው ጉዳት» የሚል ነው። ይህን ትምህርት ለላቦራቶሪ ተማሪዎች ሳስተምር ሁልጊዜ የምጀምረው ሰሌዳ ላይ ሥዕል በመሣል ነበር። ዛሬ ግን ከአንድ የቆራሌ ግቢ እንጀምር።

ዘመኑ 1980 ዓ.ም. ነው፤ የእንቁጣጣሽ ማግስት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 13 ቀን 1987 መሆኑ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት በእነሱ አቆጣጠር ናቸው፤ ቀኖቹን ግን በእኛው እናገራለሁ፤ ለጆሯችን ይቀርባሉና። እዚህ ልጆች አበባየሆሽ ብለው ድምፃቸው ገና ሳይመለስ፣ በብራዚሏ ጎያንያ ከተማ ሁለት ሰዎች ሰው የማይኖርበት አንድ ሕንፃ ውስጥ ገቡ። ሕንፃው ቀድሞ ለካንሰር ሕሙማን የጨረር ሕክምና የሚሰጥበት ክሊኒክ ነበር። ክሊኒኩ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር አንዱ የሕክምና ማሽን እዚያው ተጥሎ ቀርቷል። ሰዎቹ የማሽኑን ራስ ፈተው በጋሪ ወደ ቤት ወሰዱት። ከባድ ብረት ነው፤ ያወጣል ብለው አሰቡ። ድሃ ሰው የሚያስበውን ነው ያሰቡት።

ከቀናት በኋላ ብረቱ ለአንድ ቆራሌ ተሸጠ። የአሮጌ ዕቃ ገበያውን ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው ግቢውን በዓይነ ኅሊናው ለመሣል አይቸገርም። መስከረም 7 ቀን ማታ ቆራሌው ጓዳው ውስጥ ካለው ብረት ሰማያዊ ብርሃን ሲፈልቅ አየ። በጨለማ የሚያበራ ነገር! ዕንቁ መሰለው። ሚስቱን ጠራ፤ ጎረቤት ጠራ፤ ዘመድ ጠራ። ውስጡ የነበረው ጨረር የሚያመነጭ 93 ግራም የሲዚየም ጨው ነው። የሩዝ ፍሬ የምታክል የምታክለውን እየቆነጠሩ ለወዳጅ አከፋፈሉት። ገላቸው ላይ የቀቡት ነበሩ። የቆራሌው ወንድም ጥቂቱን ወደ ቤቱ ይዞ ሄደ። የስድስት ዓመት ሴት ልጁ ወለሉ ላይ በተበተነው ዱቄት ስትጫወት ቆየችና በዚያው እጇ ምግቧን በላች።

ይህን ታሪክ በነገርኩ ቁጥር እዚህች ልጅ ጋ ስደርስ አፌ ይያዛል። ልቀጥል።

በግቢው ሰው መታመም ጀመረ። ማስመለስ፣ ማስቀመጥ፣ የቆዳ መቅላት። የበሉት ነገር ነው ተባለ፤ አለርጂ ነው ተባለ። ነገሩን ከሰማያዊው ዱቄት ጋር ያገናኘችው ሐኪም አልነበረችም፤ የቆራሌው ሚስት ናት። የመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17፣ የብረቱን ቅሪት በከረጢት አስይዛ በሕዝብ አውቶቡስ ተሳፈረችና ወደ ከተማው ጤና ቢሮ ሄደች። ከረጢቱን የሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ ቤተሰቧን እየጨረሰ ያለው ይህ እንደሆነ ነገረችው። በማግስቱ አንድ የፊዚክስ ባለሙያ የዩራኒየም ማዕድን ፍለጋ ላይ ከተሠማራ መሥሪያ ቤት የጨረር መለኪያ ተውሶ መጣ። ገና ሩቅ ሳለ ሲከፍተው መርፌው ጥግ ድረስ ተወርውሮ ቆመ። ወደ የትም ቢያዞረው አልወርድም አለ። መለኪያው ተበላሽቷል ብሎ ተመልሶ ሌላ አመጣ። ሁለተኛውም ያንኑ አሳየ።

ከዚያ በኋላ በከተማው ስታዲየም ከ112 ሺህ በላይ ሰው ተሰልፎ ተመረመረ። በ249ኙ ላይ የሲዚየም ብክለት ተገኘ። ይሁን እንጂ መለኪያው መልስ የማይሰጥበት አንድ ጥያቄ ቀረ። ገላው ላይ ያለውን ዱቄት አጥበህ ልታስለቅቀው ትችላለህ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት በዚህ ሰው ሰውነት ውስጥ አልፎ የሄደው ጨረር ግን ስንት ነው? ያለፈ ጨረር ሽታ የለውም፤ ዳና የለውም። ቆራሌው ግቢ ውስጥ መጠን መመዝገቢያ ደረቱ ላይ ለጥፎ የሚሠራ ሰው አልነበረም። ሐኪሞቹ ደግሞ ማን ከባድ እንክብካቤ እንደሚያስፈልገው፣ የማን መቅኒ ሊደርቅ እንደተቃረበ ማወቅ ነበረባቸው። መልሱ የተገኘው ከሰዎቹ ከራሳቸው ደም፣ ከክሮሞዞማቸው ነው። የዛሬው ንግግሬ መልሱ እንዴት እዚያ ሊጻፍ እንደቻለ ነው።

በመጀመሪያ አንድ እንቆቅልሽ ልፍታ። የጨረር መጠን የሚለካው በግሬይ ነው። አንድ ግሬይ ማለት በአንድ ኪሎ ግራም ሥጋ ውስጥ አንድ ጁል ጉልበት ተራገፈ ማለት ነው። መላ ሰውነቱ ባንድ ጊዜ 4 ግሬይ የተመታ ሰው በቂ ሕክምና ካላገኘ የመሞት ዕድሉ ከመዳን ዕድሉ ጋር ይተካከላል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ነው እንበል። አራትን በ70 ስናባዛ 280 ጁል ይሆናል። ይህ ምን ያህል ሙቀት ነው? ትኩስ ቡና አንድ ጊዜ ፉት ስትሉ ወደ ሰውነታችሁ የሚገባውን ያህል ነው። የሻይ ማንኪያ እንኳ በማይሞላ ቡና ውስጥ ያለ ሙቀት! ታዲያ ቡናው ሲያነቃን ጨረሩ ለምን ይገድለናል?

ልዩነቱ አጣጣሉ ላይ ነው። የቡናው ሙቀት ለቁጥር ለሚያዳግቱ ሞለኪውሎች እኩል ተዳርሶ አንዱንም ሳይጎዳ ያልፋል። ጨረር ግን እንደ ካፊያ አይወርድም፤ እንደ በረዶ ነው። አብዛኛውን ቦታ ሳይነካ ያልፍና የወረደበትን ነጥብ ይፈነክታል። ከአቶም ላይ ኤሌክትሮን ነቅሎ ይወረውራል። ሕዋሳችን አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ከሁሉ በፊት የሚመታው ውሃው ነው። የተመታው ውሃ ተሰንጥቆ፣ ዕድሜው ዓይን ከሚርገበገብበት ቅጽበት እጅግ ያነሰ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ ቁራጭ ይሆናል። ራጅና ጋማ ጨረር በዘር ክራችን ላይ ከሚያደርሱት ጉዳት ሁለት ሦስተኛው ያህል የሚመጣው ከዚህ ከተሰነጠቀ ውሃ ነው። ቀሪው ጨረሩ ክሩን በቀጥታ ሲመታ የሚደርስ ነው።

የዘር ክሩ ዲኤንኤ ነው። ከአንዲት ሕዋስ ወጥቶ ቢዘረጋ ሁለት ሜትር ያህል ይረዝማል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ በምታንስ እምብርት ውስጥ ተጠቅልሎ፣ በ46 ጥቅል ተከፋፍሎ ተቀምጧል። ጥቅሎቹ ክሮሞዞም ይባላሉ። ክሩ ድርብ ነው፤ እናቶቻችን ለነጠላ እንደሚገምዱት ፈትል ሁለት ሆኖ የተጠማዘዘ። ይህ ድርብነት ሕይወታችንን ያተረፈ ነገር ነው። አንደኛው ክር ቢበጠስ ሁለተኛው ይይዘዋል፤ ጠጋኙ ፕሮቲንም ደኅነኛውን ክር እያየ የተበጠሰውን ይሞላዋል። ይህ በየቀኑ፣ ጨረር ባይኖርም፣ በእያንዳንዳችን ሕዋስ ውስጥ በሺህ ጊዜ የሚሠራ ሥራ ነው። አንድ ግሬይ ጨረር በአንዲት ሕዋስ ውስጥ ወደ 1000 የሚጠጋ እንዲህ ያለ ነጠላ ብጥስ ያደርሳል፤ አብዛኛው በሰዓታት ውስጥ ተጠግኖ ያልቃል።

የሚያስፈራው ሁለቱ ክሮች አንድ ቦታ ላይ አብረው ሲበጠሱ ነው። በአንድ ግሬይ በሕዋስ ውስጥ ከ30 እስከ 40 ያህል እንዲህ ያለ ስብራት ይደርሳል። አሁን ክሩ ለሁለት ተከፍሏል። የሚታይ ደኅነኛ ጎን የለም። ሁለት ጫፎች በአየር ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ።

እዚህ ላይ ወጌሻው ይጠራል።

ወጌሻ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። እግሩ የተሰበረ ልጅ ለወጌሻ ሲወሰድ ያያችሁ ታውቃላችሁ። ብልህ ወጌሻ አጥንቱን በጣቱ ዳብሶ፣ ጫፍን ከጫፉ አገናኝቶ፣ በቀርከሃ አስሮ ይሰደዋል፤ ልጁ በሁለት ወሩ ኳስ ይጫወታል። አጥንቱ ተዛንፎ ከታሰረ ግን ስብራቱ ይድንና እግሩ ይንሻፈፋል። ልጁን ዕድሜ ልኩን የሚያስነክሰው ጠማማ ሆኖ የገጠመው አጥንት ነው። ስብራቱማ ድኗል። የክሮሞዞምም ነገር እንዲሁ ነው። ተማሪዎቼ ሌላውን ሁሉ ቢረሱ ይህችን እንዳይረሱ እለምናቸው ነበር፤ በማይክሮስኮፕ የምናየው ጉዳት አብዛኛው የስብራት ምስል አይደለም፤ የጥገና ስህተት ምስል ነው።

ሕዋስ ሁለት ዓይነት ወጌሻ አለው። አንደኛው ጠንቃቃ ነው። ሕዋስ ለመከፋፈል ስትዘጋጅ እያንዳንዱን ክሮሞዞም ታባዛለች፤ ይህ ወጌሻ የተባዛውን እኅት ክር አጠገቡ ዘርግቶ ፊደል በፊደል እያመሳከረ ይጠግናል። ችግሩ ቅጂ ከሌለ መሥራት አለመቻሉ ነው። በደማችን ውስጥ የሚዘዋወሩት ሊምፎሳይት የተባሉት ነጭ ሕዋሳት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተኝተው የሚኖሩ ናቸው፤ ቅጂ የላቸውም። ስለዚህ ሁለተኛው ወጌሻ ይመጣል። እሱ ፈጣን ነው። ያገኘውን ጫፍ ካገኘው ጫፍ ጋር ያጋጥማል፤ አያመሳክርም። የተሰበረው አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይሳካለታል፤ ሁለቱ ጫፎች ጎን ለጎን ናቸውና። ሁለት ክሮሞዞሞች ተቀራርበው፣ በተቀራረበ ጊዜ ከተሰበሩ ግን አራት ጫፍ ፊቱ ላይ ይቀርባል። የትኛው የማን እንደሆነ የሚነግረው የለም።

ያ ስህተት ምን እንደሚመስል በቅርብ ላሳያችሁ። በላቦራቶሪ ከቆያችሁ መካከል ብዙዎቻችሁ ዕቃውን ታውቁታላችሁ።

ከሰውየው ክንድ ጥቂት ደም ይቀዳል። ተኝተዋል ያልናቸውን ሊምፎሳይቶች መቀስቀስ አለብን፤ ካልተከፋፈሉ ክሮሞዞማቸው አይታይም። የሚቀሰቅሳቸው ምን መሰላችሁ? ከቦሎቄ የሚወጣ ፕሮቲን ነው። አዎ፣ ጓዳችን ውስጥ ያለው ቦሎቄ። ደሙ ከዚህ ፕሮቲን ጋር በሰውነት ሙቀት፣ በ37 ዲግሪ፣ 48 ሰዓት ይቀመጣል። ሕዋሳቱ ነቅተው ሊከፋፈሉ ክሮሞዞማቸውን ጠቅልለው ሲሰለፉ ኮልቺሲን ይጨመርና ባሉበት ይቆማሉ። ከዚያ ቀጠን ያለ የጨው ውሃ ይሰጣቸዋል፤ ውሃ ጠጥተው እንደ ፊኛ ይነፋሉ። በአልኮልና በአሴቲክ አሲድ ባሉበት ቅርጽ ከጸኑ በኋላ ከከፍታ በጠብታ ስላይድ ላይ ይጣላሉ፤ ሕዋሷ ስትፈርጥ ክሮሞዞሞቿ እንደተበተነ የጤፍ አገዳ ይዘረጋሉ። መጨረሻ ላይ ጊምሳ። የወባ ስላይድ ያቀለመ ሁሉ የሚያውቀው ያው ጊምሳ ነው።

አንድ ሺህ ጊዜ አጉልታችሁ ታያላችሁ። ደኅነኛ ክሮሞዞም አንድ ወገብ አለው፤ ጠበብ ያለች፣ ሴንትሮሜር የምንላት ቦታ። ሕዋስ ስትከፋፈል ክሮሞዞሙ የሚጎተተው በዚያች ወገቡ ታስሮ ነው። ዓይናችሁን ታንሸራትታላችሁ፤ አንድ ወገብ፣ አንድ ወገብ፣ አንድ ወገብ… ከዚያ ድንገት ባለ ሁለት ወገብ! ረዘም ብሎ ሁለት ቦታ ተሸብሽቧል። ሁለት የተሰበሩ ክሮሞዞሞች ወገብ ወገባቸውን ይዘው እርስ በርስ ተገጣጥመዋል። አጠገቡ ፈልጉ፤ ወገብ የሌለው ቁራጭ ተጥሎ ታገኛላችሁ። እሱ የሁለቱ ትርፍ ጫፍ ነው። አንዳንዴም ክሮሞዞሙ በሁለት ጫፉ ተሰብሮ ራሱን ከራሱ ገጥሞ ቀለበት ሆኖ ይገኛል። የመጀመሪያውን ባለ ሁለት ወገብ ባየሁበት ቀን ከወንበሬ ተነሥቼ ሰው ጠርቻለሁ። በደረቀ ብርጭቆ ላይ፣ በዓይን የማይታይ ጨረር በአንድ ሰው ውስጥ ማለፉን የሚመሰክር ፊርማ ነው ያየሁት።

ባለ ሁለት ወገብ ክሮሞዞም ምስክርነቱ የሚታመነው ብርቅ ስለሆነ ነው። ከተፈጥሮ ጨረር በቀር ምንም ያልነካው ሰው ደም ውስጥ ከ1000 ሕዋስ አንድ ያህል ብትገኝ ነው። አንድ ግሬይ ጋማ ጨረር በአንድ ጊዜ የተመታ ሰው ግን ከ100 ሕዋሱ ከስምንት እስከ አሥር የሚሆን ይገኝበታል። በ4 ግሬይ ደግሞ በአማካይ በእያንዳንዷ ሕዋስ አንድ። ልብ ብላችሁ ከሆነ ጨረሩ አራት እጥፍ ሲያድግ ስህተቱ ከአሥር እጥፍ በላይ አድጓል። ሁለት ስብራት ተቀራርበው ሲገኙ ነውና ወጌሻው የሚምታታው፣ ስብራት ሲበዛ የመምታታቱ ዕድል ይናራል። መላው የገላ ክፍል ሳይሆን አንድ እጅ ወይም አንድ ጎን ብቻ የተመታ እንደሆነም ይታወቃል፤ ጥቂት ሕዋሳት ሦስት አራት ባለ ሁለት ወገብ ተሸክመው ቀሪዎቹ ንጹሕ ይሆናሉ።

እንግዲህ ከጎያንያ ደም እየተቀዳ ወደ ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላቦራቶሪ ይላክ ነበር። የ129 ሰዎች ደም ታየ። የላቦራቶሪው ሰዎች ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍተው ወገብ ሲቆጥሩ ሰነበቱ። 21ዱ ከአንድ ግሬይ በላይ፣ ከእነሱም ስምንቱ ከ4 ግሬይ በላይ እንደተመቱ ደማቸው ተናገረ። አራት ሰዎች ሞቱ፤ ሁለቱ በቆራሌው ግቢ የሚሠሩ ወጣቶች ናቸው። ጥቅምት 12 ቀን ደግሞ በአንድ ቀን ያቺ የስድስት ዓመት ልጅና በአውቶቡስ ሄዳ ለከተማው እውነቱን የነገረችው አክስቷ ሞቱ። በዚያ አደጋ አንድ ሰው አመስግን ብባል የማመሰግነው እሷን ነው። በዚያ ቀን ያንን ከረጢት ይዛ ባትነሣ ኖሮ ዱቄቱ ስንት ቤት ይገባ ነበር።

ባሏ፣ ቆራሌው፣ ተረፈ። ክሮሞዞሞቹ የተናገሩት መጠን 7 ግሬይ ሲሆን የሚስቱ ደግሞ 5.7 ነበር። ብዙ የተመታው ተርፎ ያነሰ የተመታችው ሞተች። ለዚህ የተሰጠው ማብራሪያ ከቤት ወጣ ገባ ይል ስለነበር ጨረሩ ያገኘው እየተቆራረጠ ነው የሚል ነው። ወጌሻው በመካከሉ ጊዜ አገኘ ማለት ነው፤ የዛሬውን ስብራት ሳይገጥም የነገው አልተደረበበትም። የካንሰር ሕሙማን የጨረር ሕክምናቸውን በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ለሳምንታት የሚወስዱትም በዚሁ ምክንያት ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት በአገራችን ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር፤ ከክፍለ ሀገር ተነሥተው እዚያ ወረፋ የጠበቁ፣ ሕክምናውን ለምን በአንድ ቀን አይጨርሱልንም ብለው የሚጠይቁ አዛውንቶችን አይቻለሁ። መልሱ ይህ ነው እማማ፤ ደኅነኛው ሥጋዎ ማታ ማታ እንዲጠገን ነው።

ባለ ሁለት ወገብ ክሮሞዞም ለተሸከመችው ሕዋስ አይበጃትም። ልትከፋፈል ስትል ሁለቱ ወገቦች ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ቢጎተቱ መሐሉ ድልድይ ሆኖ ይወጠርና ይበጠሳል፤ ሕዋሷም ብዙ ጊዜ ትሞታለች። የጨረር ሕክምና የካንሰር ሕዋሳትን የሚገድለው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። በተደጋጋሚ የሚከፋፈሉት የመቅኒና የአንጀት ሕዋሳትም በከባድ ጨረር ቀድመው የሚያልቁት ለዚህ ነው፤ የጎያንያ ሕሙማን ያስመልሳቸው፣ ያስቀምጣቸውና ደማቸው ይደርቅ የነበረው ከዚህ የተነሣ ነው።

የሞተች ሕዋስ ግን ካንሰር አትሆንም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የማትሞተው ናት። ወጌሻው አራቱን ጫፎች ሲያምታታ፣ እንደ ዕድል ሆኖ እያንዳንዱ ክሮሞዞም አንድ አንድ ወገብ ይዞ ቁራጭ ብቻ ሊለዋወጡ ይችላሉ። ይህችን ሕዋስ የሚያግዳት የለም። ትከፋፈላለች፤ ልጆቿም ይከፋፈላሉ፤ ስህተቱ ሳይጓደል ይወራረሳል። በተራ ጊምሳም አይታይም፤ ሁሉም አንድ ወገብ አለው፣ ሁሉም ጨዋ ይመስላል። አብዛኛው ልውውጥ ጉዳት የለውም። አንዳንዱ ግን አንድን ዘረመል ከሌላ ዘረመል ጋር አጋጥሞ፣ ሕዋሷን ያለማቋረጥ ተባዢ የሚል አዲስ ቃል ይፈጥራል። በ9ኛውና በ22ኛው ክሮሞዞም መካከል የሚደረግ አንድ ልውውጥ ሥር የሰደደ የደም ካንሰር ያመጣል። ውጤቱ የሆነውን አጭር ክሮሞዞም ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ በ1960 ፊላደልፊያ ውስጥ አገኙት፤ ልውውጥ መሆኑን ያሳየችው ደግሞ ጃኔት ራውሊ በ1973 ናት። ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ የተረፉ ሰዎች ላይ ከሁሉ ቀድሞ የጨመረው ካንሰር የደም ካንሰር ነበር፤ ከቦምቡ በኋላ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ።

ስለ ሂሮሺማ ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሄርማን ሙለር ራጅ የዝንብን ዘር እንደሚለውጥ ያረጋገጠው በ1927 ነው፤ የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ግን በ1946፣ ቦምቡ ከወደቀ በዓመቱ ነው። የሰው ክሮሞዞም 46 መሆኑ የታወቀው ደግሞ በ1955 መጨረሻ ስዊድን ውስጥ ነው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ መጻሕፍት 48 ይሉ ነበር። የሰው ልጅ ያንን ቦምብ በሰው ላይ የጣለው የራሱን ክሮሞዞም በትክክል መቁጠር ሳይችል ነበር።

ቼርኖቤልም የወጌሻውን ጠባይ አስተምሮናል። በ1986 ከተቃጠለው የኑክሌር ማብላያ የወጣው ጨረር አመንጪ አዮዲን ሣሩ ላይ ወረደ፤ ላሞች ጋጡት፤ ልጆች ወተቱን ጠጡ። አዮዲን የሚጠራቀመው አንገት ላይ፣ እንቅርት የሚወጣበት እጢ ውስጥ ነው። ከዓመታት በኋላ በብዙ ልጆች ላይ በወጣው የዚህ እጢ ካንሰር ውስጥ አንድ ዓይነት ስህተት ተደጋግሞ ተገኘ። አሥረኛው ክሮሞዞም በሁለት ቦታ ተሰብሮ መሐሉ ተገልብጦ ገጥሟል። ሁለቱ ቦታዎች በክሩ ላይ እጅግ የተራራቁ ናቸው። ተመራማሪዎች ግን በዚህ እጢ ሕዋስ ውስጥ ክሩ ሲጠቀለል ሁለቱ ነጥቦች ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን እንደሚውሉ አሳዩ። ወጌሻው በክሩ ርዝመት የራቀውን ሳይሆን አጠገቡ ያገኘውን ነው የገጠመው።

አሁን ዝም ብዬ ላልፈው የማልችለው ጉዳይ ላይ ደርሻለሁ። የዚያች ልጅ የቀብር ዕለት ሕዝቡ ወጥቶ የአስከሬን ሳጥኗን በድንጋይ ወገረ። በእርሳስ ተለብጦ የተሠራ ሳጥን ነበር፤ ማንንም አይጎዳም ነበር። ጎያንያ ነው ያደገው የተባለ ሰው በሌላ ከተማ ሆቴል ተከለከለ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች «አልተበከልኩም» የሚል ወረቀት ይዘው ለመሄድ ተገደዱ። ከሂሮሺማ የተረፉትም ልጃችንን አታገቡም፣ ዘራችሁ ተበላሽቷል እየተባሉ ኖረዋል። ስለዚህ በግልጽ ልናገር። ገላው ላይ ዱቄቱ ያለበት ሰው እስኪታጠብና እስኪጸዳ ድረስ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጨረር አልፎበት የሄደ ሰው ግን ራሱ ጨረር አይሆንም። የተሰበረ ክሮሞዞም በመጨባበጥ፣ አብሮ በመብላት፣ በማስታመም ወደ ማንም አይተላለፍም። ወደ ልጅስ? በጃፓን በጨረር ከተመቱ ወላጆች የተወለዱ ከ8000 በላይ ልጆች ክሮሞዞም ተመርምሮ፣ ወላጆቻቸው ካልተመቱና ቁጥራቸው ከሚቀራረብ ልጆች ጋር ተነጻጽሯል። የተጨመረ ጉዳት አልታየም። በእንስሳት ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ጨረር ዘርን ሊለውጥ እንደሚችል ስለሚያሳዩ ጥንቃቄው አይቀርም፤ ነገር ግን በእነዚያ ሰዎች ላይ የተወረወረው ድንጋይ አንድም የሳይንስ መሠረት አልነበረውም።

ሁላችሁም የምትጠብቁት ጥያቄ ራጅ ነው፤ አውቃለሁ። በየአጋጣሚው ይጠይቁኛል፤ በተለይ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የሚሄዱ እኅቶቻችን የደረት ራጅ ስለሚነሡ። ሚሊሲቨርት የምንለው መለኪያ ለራጅና ለጋማ ጨረር የአንድ ግሬይ ሺህኛ ያህል ነው። የደረት ራጅ መጠን ከአንድ ሚሊሲቨርት አሥረኛ አያልፍም፤ እንዲያውም አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በጣም ያንሳል። ከአፈር፣ ከሰማይና ከምንተነፍሰው አየር በዓመት የምናገኘው የተፈጥሮ ጨረር በዓለም አማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ነው። ባለ ሁለት ወገብ ክሮሞዞም ቆጥረን ጨረር መኖሩን መለየት የምንችለው ከ100 ሚሊሲቨርት ገደማ ጀምሮ ነው። ስለዚህ ሐኪም ሳንባህን ልይ ካለህ ተነሣ። የሆድ ሲቲ ስካን ግን ወደ 10 ሚሊሲቨርት ይጠጋል፤ እሱን በየሦስት ወሩ፣ ያለፈውን ፊልም ማንም ሳያይ፣ ከአንዱ ክሊኒክ ወደ ሌላው እየሄዱ መነሣት ትክክል አይደለም። የድሮውን ፊልም ይዛችሁ ሂዱ። ያረገዘች ወይም ማርገዟን የምትጠረጥር ሴት ከመግባቷ በፊት ትናገር፤ የምትናገረው ደግሞ ሥራው ይቀርብኛል ብላ ሳትፈራ እንድትሆን እኛ ባለሙያዎች ኃላፊነት አለብን።

ወጣት ሳለሁ የሠራሁበት አንድ የጤና ተቋም ነበር። የራጅ ክፍሉ በር ማጠፊያው ተሰብሮ አይዘጋም። በሩ ፊት ለፊት የወረፋ አግዳሚ ወንበር አለ፤ እናቶች ልጅ ታቅፈው ይቀመጡበታል። የራጅ ባለሙያው ሕፃን ሲመጣ የሚይዝለት ሰው ስለማይኖር ራሱ፣ በባዶ እጁ፣ ያለ እርሳስ ሽርጥ፣ ሕፃኑን ይይዛል። በቀን አሥር፣ በቀን አሥራ አምስት። ሽርጡ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ተቀዷል። ለበሩ ደብዳቤ ጻፍን፤ እንደገና ጻፍን። በመጨረሻ ወንበሩን ራሳችን አንሥተን ወደ ኮሪደሩ ጥግ ወሰድነው። ያ ባለሙያ ምን ያህል ጨረር እንዳገኘ የሚያውቅ የለም፤ ደረቱ ላይ የሚለጥፈው መመዝገቢያ አልተሰጠውም ነበርና። ደሙን ወስዶ ወገብ የቆጠረለትም የለም። እዚህ መካከል የራጅ ክፍል የምትሠሩ ካላችሁ፣ ኃላፊዎች ካላችሁ፣ ነገ ጠዋት ስትገቡ በሩ መዘጋቱን፣ ሽርጡ አለመቀደዱን፣ መመዝገቢያው መነበቡን ተመልከቱ። ሽርጡን ስትሰቅሉም አትጠፉት፤ ውስጡ ያለው እርሳስ የሚሰነጠቀው በእጥፋቱ ላይ ነው።

ወደ ጎያንያ ሰዎች ልመለስና ላብቃ። ተመራማሪዎቹ ከአደጋው በኋላም ለዓመታት ደማቸውን እየቀዱ ማየታቸውን አላቋረጡም። ባለ ሁለት ወገቦቹ እየቀነሱ ሄዱ፤ የተሸከሟቸው ሕዋሳት በአዲስ እየተተኩ ነበርና። የቁራጭ ልውውጦቹ ግን ከእነሱ ይልቅ ረጅም ጊዜ ቆዩ። ዛሬ ክሮሞዞምን በልዩ ልዩ ቀለም የሚቀባ ዘዴ አለ። አንዱ ቢጫ፣ ሌላው ቀይ ሆኖ ይታያል። ቢጫው ላይ ቀይ ጅራት የተቀጠለበት ክሮሞዞም ካገኛችሁ፣ ያ ስብራት ከሠላሳ ዓመት በፊት የደረሰ ሊሆን ይችላል።

መውጫው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ማይክሮስኮፕ አስቀምጫለሁ። ከተለምዶው በተለየ ቀስት አላደረግኩበትም፤ ራሳችሁ ፈልጉ። ስላይዱ በሙከራ ቱቦ ውስጥ እንዳለ በጨረር የተመታ ደም ነው፤ የራሴ ነው። ፍንጭ ብቻ ልስጣችሁ፤ ከላይ በስተግራ ሁለት የተሸበሸቡ ቦታዎች ያሉት ረጅም ክሮሞዞም አለ፤ ከሥሩ ቁራጩ ወድቋል። ትኩረቱን በትንሿ ጎማ ብቻ አዙሩ፤ ትልቋን ከነካችኋት ስላይዱ ይሰበራል። ተማሪዎቹ ይቅደሙ፤ ከዚያ ጥያቄ እንቀበላለን።